ቮልስን ማን አደነቆራት?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የገዛ ሰው ገና ስም ሳያዛውር ምክር ይዘንብበታል። «ዲኮር አሠራት፤ ቴፑን አውጥተህ ስክሪን ግጠምላት፤ በሮቿን ቀደድ አድርገህ ትልልቅ ስፒከር አስገባ፤ ከኋላ ቤዝ ጣልባት። ያኔ መኪና ትሆናለች።» ምክሩ ከመካኒክም፣ ከአጎትም፣ መብራት ላይ ጎን ለጎን ከቆመ ባለታክሲም ይመጣል፤ ሁሉም በቅንነት ነው። ከመደጋገሙ የተነሳ ግን ምክር መሆኑ ቀርቶ ሕግ ሆኗል፦ አሮጌ መኪና ማደስ ማለት የነበረውን ገንጥሎ አዲስ መደረብ ነው።

እኔ ይህ ሕግ ከሥሩ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ይህን የምለው ቅርስ ጠፋ ብዬ ሙሾ ለማውረድ አይደለም፤ ቅርስ ሲባል ሰው ራሱን በአክብሮት ነቅንቆ የፈለገውን መሥራቱን ይቀጥላል። ክርክሬ ከዚያ የደረቀ ነው። ይህ አሠራር አደርሳለሁ ካለበት ቦታ፣ ማለትም ከጥሩ ድምፅ፣ አያደርስም። የቮልስ የበር ልባስ፣ የጣሪያ ልባስ፣ ሞኬት፣ የበር ጎሚኒ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ የተደበቀው ሬንጅ የጠጣ ካርቶን፣ እነዚህ ሁሉ የድምፅ መሣሪያው ግማሽ አካል ናቸው። እነሱን ጥሎ ዋት የሚገዛ ሰው ድምፁን አውጥቶ ጥሎ ጩኸት ገዝቷል።

ነገሩ የሚበላሸው ሥራው ለሁለት እጅ ስለሚከፈል ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ቴፑንና ስፒከሩን ይገጥማል፤ የዲኮር ሠራተኛው ወንበሩንና በሩን ያለብሳል። ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዱ የቀደደውን ሌላው በሌዘር ይሸፍነዋል፤ ሌላው በማስቲሽ ያጣበቀውን አንዱ ሽቦ ላሳልፍ ብሎ ይገነጥለዋል። ባለቤቱ ለሁለቱም ከፍሎ፣ ስትሄድ ዘፈኑ የማይለይባት፣ ስትቆም ደግሞ በሯ የሚንቀጠቀጥ ቮልስ ይዞ ይወጣል።

ከበሩ እንጀምር፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው። ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ከጀርባው ያንኑ ያህል ይስባል። የፊቱና የጀርባው ድምፅ መገናኛ ካገኙ ይጠፋፋሉ፤ ቀድሞ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ ነው። የቤት ስፒከር በሣጥን የሚታሸገው ለዚሁ ነው። መኪና ውስጥ ሣጥኑ በሩ ነው። የቮልስ በር ግን ልባሱ ሲወልቅ ክፍት ላሜራ ነው፤ የመስታወት ማንሻው የሚጠገንባቸው ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉት። ፋብሪካው እነዚህን ቀዳዳዎች ውሃ በማያሳልፍ ሽፋን ከደፈነ በኋላ፣ ከተጨመቀ ካርቶን የተሠራውን ልባስ በላዩ ላይ በክሊፕ ገጠመ። ሽፋኑ የመጣው በውሃ ምክንያት ነው። ዝናብ መስታወቱን ተከትሎ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ መኪናዋ የተሠራችው እንዲሁ ነው፤ ውሃው ታች ባሉት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ይወጣል። ሽፋኑ በቦታው ካለ ካርቶኑ ደርቆ ይኖራል። ከሌለ የአዲስ አበባ አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ ካርቶኑ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከክሊፑ ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ ይንጫጫል።

ውሃ የሚያግደው ይህ ሽፋን አየርም ያግዳል። የበሩን ሁለት ጎን ለይቶ የስፒከሩን ጀርባ ከፊቱ የሚጠብቀው እሱ ነው። ዲኮር ቤት ግን ቀድሞ የሚጣለው ይኸው ሽፋን ነው፤ ሲያዩት ተራ የተበጣጠሰ ወረቀት ይመስላልና። ከዚያ ካርቶኑ በኮምፔርሳቶ ይተካል፤ ኮምፔርሳቶው ለስድስት በዘጠኝ ስፒከር ይቀደዳል፤ ላሜራውም ይቆረጣል። ስፒከሩ ጀርባውን ለዝናብ ሰጥቶ፣ የራሱን ቤዝ ራሱ እያጠፋ ይጮኻል። ባለቤቱም «ቤዝ የለውም» ብሎ ይመለሳል፤ ኤሌክትሪሺያኑም ሰብዉፈር ይሸጥለታል። የጎደለው ግን አንድ ሜትር ወፍራም ፕላስቲክና ጥቂት ማጣበቂያ ነበር።

የጎሚኒው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ጎሚኒዋ ጤነኛ የሆነ ቮልስ በሯ ዝም ብሎ አይዘጋም፤ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ መስኮት ትንሽ ዝቅ ካላለ በሩ ይመለስብሃል። የድሮ ባለቤቶች ይህን እንደ ኩራት ያወሩት ነበር። ትንሽና የታሸገ ክፍል ለዝቅተኛ ድምፅ የተመቸ ነው፤ በትልቅ አዳራሽ የሚሟሟው ቤዝ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ፋብሪካው ሳያስበው ለሙዚቃ ወዳጁ ነፃ ስጦታ ሰጥቶታል። ጎሚኒዋ የደረቀና የተሰነጠቀ ቮልስ ግን ቤዟን በየስንጥቁ ታስወጣለች፣ በለውጡም የንፋስ ፉጨትና የቀለበት መንገድን አቧራ ታስገባለች። ስክሪን ከመግዛቱ በፊት ሙሉ ጎሚኒ የገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም ብል አላጋነንኩም።

ወደ ሞተሩ እንሂድ። ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሲሊንደሩን ድምፅ የሚያፍን ውሃ በዙሪያው የለም፤ የማራገቢያው ጩኸት ይታከልበታል። ቮልፍስቡርግ ያለው ፋብሪካ ሰዎች ይህን አውቀው በሞተር ክፍሉና በተሳፋሪው መካከል ሬንጅ የጠጣ ካርቶን ደረደሩ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችውን የዕቃ ቦታም በሞኬት አለበሱ። ይህ ሁሉ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሲሞላው ያስጠላል፤ ይፈረፈራል፣ ዘይት ይሸታል። ስለዚህ ተጠርጎ ይጣላል፤ በቦታውም የሚያብረቀርቅ ሌዘር ይለጠፋል። የሚያብረቀርቅ ሌዘር ድምፅ አያፍንም፤ ተቀብሎ ይመልሳል።

ከዚያ ጩኸቱን በዋት ለማሸነፍ ትግል ይጀመራል። የዋት ሒሳብ አታላይ ነው። ኃይሉን እጥፍ ብታደርገው ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልብ ብሎ ካላዳመጠ ልዩነቱን ያልፈዋል። እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ወደ 10 ዴሲቤል ይፈለጋል፤ ይህ ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ነው። ከ20 ዋት ተነስተህ 200 ዋት መድረስ አለብህ፣ ለዚያውም ስፒከሩ ከቻለው። የሞተሩን ጩኸት በ3 ዴሲቤል የቀነሰ ሰው ግን አንድ ዋት ሳይጨምር የሌላውን ሰው እጥፍ አምፕሊፋየር አግኝቷል። ካርቶንና ሞኬት ይህን የሚሠሩት በየቀኑ፣ ባትሪ ሳይበሉ ነው።

ባትሪ ካልን ኃይሉስ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው። ባለ 12 ቮልት ከሆኑት ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት ዲናሞ የሚሰጠው 30 አምፔር ነው። 12 በ30 ሲባዛ 360 ዋት ይሆናል፤ ይህም ሞተሩ ሲሮጥ እንጂ መገናኛ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ስትርገበገብ አይደለም። የፊት መብራቶቹ ብቻ 90 ዋት ገደማ ይወስዳሉ፤ ካንዴላው፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ ፍሬቻው የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። እላዩ ላይ «1000 ዋት» የተጻፈበት አምፕሊፋየር የሚለውን በእርግጥ ቢሰጥ ከ80 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ጽሑፉ ውሸት ነው፣ ወይ ባትሪው በየማታው ይሞታል። በአብዛኛው ሁለቱም ናቸው።

ይህ ሁሉ ዋት የሚለመነው ለየትኛው ሙዚቃ ነው? ቮልስ ውስጥ የሚከፈተውን እናውቃለን። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ወይም በካይፋ ሪከርድስ የወጡ፣ ከዚያም በካሴት የተገለበጡ ዘፈኖች ናቸው። በእነዚያ ቅጂዎች ላይ የሚያለቅሰው ሳክስፎን፣ የሚንቀጠቀጠው የድምፃዊው ጉሮሮ፣ ክራሩና ማሲንቆው የሚኖሩት መካከለኛው ድምፅ ላይ ነው። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ራሱ 41 ኸርትዝ ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለውን ለማስጮህ የተሠራ ትልቅ ሰብዉፈር እነዚህ ዘፈኖች ውስጥ የሚያገኘው የለም፤ ስለዚህ የራሱን እምቧ ይጨምራል፣ ዘፋኙንም ከሥሩ ይቀብረዋል። ቀን ቀን ደግሞ የሚሰማው ሬዲዮ ነው፤ ኤፍኤም 97.1ም ሆነ ሸገር 102.1 ላይ ሰው ሲያወራ ነው የምንውለው። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3,400 ኸርትዝ ብቻ እያሳለፈ የእናታችንን ድምፅ ከሺህ ድምፅ እንለይ ነበር። ቮልስ ውስጥ ሊጠራ የሚገባው ይህ ክልል ነው፤ እሱን የሚያበላሸው የቤዝ እጥረት ሳይሆን የንፋስና የሞተር ጩኸት፣ ከመስታወትና ከሌዘር ላይ የሚነጥር ነፀብራቅ ነው። የዘመኑን ዘፈን የሚወድ ወጣት ቤዝ ይፈልጋል፤ መብቱ ነው። ለእሱም ቢሆን ጠባብና የታሸገች ቮልስ ውስጥ በትንሽ ሣጥን የታሸገ መጠነኛ ስፒከር ይተርፈዋል።

አሁን ከድምፅ ወጥቼ ወደ አደጋ ልግባ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ መቀመጫ ብረት ስፕሪንግ አለው፤ ከስፕሪንጉ በላይ የፈረስ ፀጉር ወይም በጎማ የተያያዘ የኮኮናት ጭረት ተነጥፏል። ሁለቱም በእሳት ይያያዛሉ። ፋብሪካው ስለዚህ የባትሪውን ራስ የሚሸፍን ክዳን ሰጠ። ክዳኑ ሲጠፋና ከበድ ያለ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፎች ያገናኛል፤ ከዚያ ወንበሩ ይነዳል። ይህ በቮልስ ባለቤቶች ዘንድ በመላው ዓለም የታወቀ ነገር ነው። ዲኮር ቤት ወንበሩን ሲያወጣና ሲያስገባ ክዳኑ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ይመጣና ከዚሁ ባትሪ ለአምፕሊፋየሩ ወፍራም ሽቦ ያለ ፊውዝ ይስባል፤ ሽቦውን በስለታም ላሜራ ጫፍ ላይ ያሳልፋል፤ ከላዩ በሞኬት ይሸፍነዋል። ቀጥሎ ወደ ፊት ይሄድና ስክሪኑን ለማስገባት ክሩስኮቱን ይቆርጣል፣ መስመሩንም 8 አምፔር ለሚይዘው የመኪናዋ ፊውዝ ይቀጥለዋል፤ ፊውዙ ሲቃጠል በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልለዋል። ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ ከፊት ኮፋኖው ሥር ያለው ምንድን ነው? የቤንዚን ታንከሩ። ማዘመን የሚባለው ይህ ነው።

«ወንበሩ ይቆረቁራል፤ የድሮው ጭረት አልቋል» ለሚሉኝ፣ እውነት ነው፣ ያልቃል። ይለወጥ። ነገር ግን ስፕሪንጉን አስወግዶ ወፍራም ስፖንጅ መከመር መፍትሔ አይደለም፤ ሹፌሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ራሱ ጣሪያ ይነካል፣ በዓመቱ ስፖንጁ መሐሉ ይጎደጉዳል። ስፕሪንጉን የሚጠግን፣ ጭረቱን በሌላ ጭረት ወይም በጥሩ ጠንካራ ስፖንጅ የሚተካ፣ ስፌቱን እንደ ድሮው የሚያወጣ ሰው ከተማችን ውስጥ አለ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ የሚጠይቅ ሰው ከአሮጌ ወንበር የተገነጠለ ስፕሪንግ አያጣም። የበር ልባስና የጣሪያ ልባስ ሙሉ ስብስብ ደግሞ ዛሬም አሜሪካና ጀርመን ውስጥ ለቮልስ ተብሎ ይሠራል፤ ተጣጥፎ ከዋሽንግተን በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። «ዕቃው የለም» የሚለው መልስ ያልፈለገ ሰው መልስ ነው።

ጣሪያውን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም፤ የዲኮር ቤቶች ስንፍና በግልጽ የሚታየው እዚያ ነው። የቮልስ ጣሪያ ልባስ ላሜራው ላይ አይለጠፍም። በተጠማዘዙ ቀጫጭን ብረቶች ላይ ተወጥሮ ከላሜራው ተለይቶ ይንጠለጠላል፤ ጠርዙም ከፊትና ከኋላ መስታወት ጎሚኒ ሥር ይገባል። በትክክል ለመግጠም ሁለቱን መስታወቶች ማውጣት ግድ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። አቋራጩ ብረቶቹን ጥሎ ስፖንጅ ያለው ጨርቅ በማስቲሽ መለጠፍ ነው፤ የበጋ ፀሐይ ሲበረታ ማስቲሹ ይለቃል፣ ጨርቁም እንደ አሮጌ ድንኳን ሹፌሩ ራስ ላይ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌላው ወገን፣ አክራሪው፣ ተነስቶ «እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ አንድም ነገር አይነካ» እንዳይል እፈራለሁ። እሱም ተሳስቷል። አንዳንድ ሰብሳቢ ክሩስኮቱ ውስጥ ያለውን የድሮ ሬዲዮ እንደ ታቦት ያከብረዋል፤ ሬዲዮው ግን አይሠራም፣ ቢሠራም በመካከለኛ ሞገድ ከመንጫጫት አያልፍም። ሙዚቃ የማይሰማባት መኪና የተቀመጠ ሣጥን ናት። ሬዲዮን ከመኪና ጋር ያጋባው ያው የድሮ ዘመን ሰው ነው፤ ብላውፑንክት እ.ኤ.አ. በ1932 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የመኪና ሬዲዮ ሲያወጣ ይህ አዲስ ነገር ነው ብሎ አልተሸማቀቀም። ፖርሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአሮጌ መኪኖቹ በድሮው ቀዳዳ ልክ የሚገባ፣ የድሮውን መልክ የያዘ ግን ስልክ የሚያገናኝ ሬዲዮ አውጥቷል። ጥያቄው መቀየር አለመቀየር አይደለም፤ መቀየር አለበት። ጥያቄው ነገ ሊመለስ በሚችል መንገድ ተቀይሯል ወይ ነው።

መንገዱም አለ፣ ሩቅም አይደለም። የድሮውን ሬዲዮ ፊትና ማዞሪያ ሳይነኩ ሆዱን ብቻ በአዲስ ሰርኪዩትና በብሉቱዝ የሚተካ ባለሙያ ይገኛል። ክሩስኮቱ ላይ ከፋብሪካ ለአንድ ስፒከር የተተወ ቦታ አለ፤ ሁለት ጥቅል ያለው አንድ ስፒከር እዚያ ቢገባ የግራውንም የቀኙንም መስመር ብቻውን ይይዛል፣ አንድም ቀዳዳ ሳይጨመር። ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው የዕቃ ቦታ ላይ ሁለት ስፒከር የያዘ፣ በዚያው ሞኬት የለበሰ ሣጥን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲፈለግ ይነሳል። አምፕሊፋየሩ ትንሽ ይሁን፤ ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ ፊውዝ ይቀመጥለት። በሩ ውስጥ የሚያስተጋባውን ላሜራ በአስፋልት ወረቀት ማረጋጋት ከተፈለገም ሙሉውን መሸፈን አያስፈልግም፤ መሐል መሐሉን ማሰር ይበቃል፣ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ብቻ ይታይ። ወለሉ ላይ ከሞኬት ሥር ስፖንጅ ማንጠፍ ግን ይቅር። ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ የቮልስ ወለል የሚበሰብሰው እንዲህ ነው።

«የራሴ መኪና ናት፤ ከ21 ሚሊዮን ቮልስ አንዷ ብትቀደድ ምን ይሆናል?» የሚለው የመጨረሻ ምሽግ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ ስትወጣ 21,529,464 ነበሩ። እኛ ዘንድ ያሉት ግን ያሉት ብቻ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጁ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ መታ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ከእንግዲህ በመርከብ የሚመጣ ቮልስ የለም። በርህን ስትቀድድ የምትቀድደው ለሌላው ቮልስ መለዋወጫ ሊሆን ይችል የነበረውን በር ነው፤ ቮልስህን ለመሸጥ ስትነሳም ገዢው ያልተቀደደችውን አስቀድሞ እንደሚጠይቅ ታየዋለህ። ይህን የምጨምረው በገንዘብ ቋንቋ ብቻ ለሚሰሙ ነው።

ገንዘብ ላነሰውም ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። መጀመሪያ የባትሪው ክዳንና ፊውዝ፤ እሱ ለነገ አይባልም። ቀጥሎ ጎሚኒ። ከዚያ የበሩ ሽፋንና ልባስ፣ የሞተር ክፍሉ ካርቶን፣ የዕቃ ቦታው ሞኬት፣ ጣሪያው። ስፒከርና ቴፕ ከሁሉም በኋላ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ በነበረው ቴፕ ድምፅ ይረካና የስክሪኑን ገንዘብ ለጎማ ያደርገዋል፤ ኤሌክትሪሺያኑ በዚህ እንደሚከፋ አውቃለሁ።